ምርቃት የተጨመረበት የቼዝ ገበታ

የኮምፒውተር መምህር ሆኜ ሸዋ ሮቢት ስመደብ ከሙቀቱ ይልቅ ያስፈራኝ ከሥራ በኋላ ያለው ጊዜ ነበር። ደግነቱ ጤና ጣቢያው ውስጥ አንድ ነርስ አገኘሁ፤ እንደኔው ከሩቅ የመጣ፣ እንደኔው ቼዝ የሚወድ፣ ሲያሸንፍ ደግሞ ሰፈር የሚቀሰቅስ ሳቅ ያለው። ገበታ ስላልነበረን አንድ ሽማግሌ አናጺ ዘንድ ሄደን ስምንት በስምንት አዘዝን።

ልንወስድ ስንሄድ ቤቶቹን ቆጠርኩ። አሥር በአሥር!

«ጋሼ፣ ምንድነው ይሄ? ስምንት አይደል ያልንዎት?»

«ጣውላው ተረፈ። ወላሂ፣ ቆርጬ ከምጥለው ብዬ ሁለት ሁለት መረቅኩላችሁ» አሉ፣ ምስጋና እየጠበቁ።

ምን ይባላል? ጨመሩልን እንጂ አላጎደሉብን። እግዜር ይስጥልን ብለን ተሸክመን ወጣን፤ መንገድ ላይ ግን በሳቅ ሞትን።

ትርፉን ቤት በምን እንሙላው ስንል ነርሱ፣ «ቆላ ተቀምጠን ፈረስ ብቻ?» አለ። ከቆርኪ ግመል ሠራን። ፈረስ ሁለት ሄዶ አንድ ይታጠፍ የለ? ግመል ሦስት ሄዳ አንድ ትታጠፋለች። ለየራሳችን ሁለት ወታደርም ጨመርን። ከዚያ ወዲያ ተራው ቼዝ ጠበበን።

እንዲህ ተደስተን ስንኖር ነርሱ የጠየቀው ዝውውር ተፈቀደለት፤ ሚስቱና ሕፃን ልጁ ወዳሉበት ወደ ጎጃም። «እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት በአፌ፤ ሆዴ ግን ባባ። ይህን ጨዋታ ከእሱ በቀር የሚያውቅ ማን አለ? ከማን ጋር ልጫወት ነው?

ተማሪ ሳለሁ የጻፍኳት ትንሽ የቼዝ ፕሮግራም ነበረችኝ። እሷን ግመል ላስተምራት ተነሳሁ። ቀላል መስሎኝ ስምንት ያለበትን ሁሉ እየለቀምኩ አሥር አደረግሁ። ተማሪዎቹ ሲወጡ ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ላቤን እየጠረግሁ እጽፋለሁ፣ መብራት ሲሄድ እራገማለሁ። ነርሱም ከሥራ ሲወጣ እየመጣ ይሞክራታል። «አንተ ሰውዬ፣ አትሄድም እንዴ?» ስለው፣ «ክሊራንስ አልጨረስኩም» ይለኛል። ቢሮ መቼ ቸኩሎ ያውቃል ብዬ ተውኩት።

አንድ ቀን የኮምፒውተሯ ግመል በቀኝ ጠርዝ ወጥታ በግራ ብቅ አለችና ንግሥቱን በላችበት።

«ኧረ በሕግ! ይቺ በአጣዬ ወጥታ በደብረ ሲና የምትገባ ናት!» ብሎ ጮኸ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ፕሮግራሟ ገበታውን የምታየው እንደ አንድ ረጅም መስመር ነው። የአንዱ ረድፍ መጨረሻ ከቀጣዩ ረድፍ መጀመሪያ ጋር እንዳይቀላቀል በመሃል የማይረገጡ ቤቶች አስገብቼ አጥሬ ነበር። ያጠርኩት ግን ለፈረስ ነው፣ ሁለት ቤት ብቻ። ግመል ሦስት ትዘላለቻ! አጥሩን አልፋ ሄደች። አንድ ቤት ጨመርኩበት፤ ቆመች። ደስታዬን አልችለው ብዬ ብቻዬን ጨፈርኩ።

በማግሥቱ ነርሱ ገጠማትና ያለ አንዳች ማጭበርበር አሸነፈችው። ልስቅበት አፌን ስከፍት እሱ ወንበሩን ወደኋላ ገፍቶ እፎይ አለ።

«በል እንግዲህ፣ ነገ ክሊራንሱን እጀምራለሁ።»

«እስካሁን አልጀመርክም?»

«የሚያጫውትህ ሳይኖር ጥዬህ ልሂድ እንዴ? ሚስቴ እኮ በስልክ መጮህ ከጀመረች ቆየች።»

እንባዬ መጣ። «አንተ ጅል፣ ልጅህ አባ ማለት ሳይጀምር ሂድ!» ብዬ ጮኽኩበት፤ ከልቤም ነበር። ባውቅ ኖሮ ግን ያቺን የግመል አጥር ዓመትም ባልነካኋት።