ቆርቤ የገባሁበት ውሃ

ወንጌል ለሰው ማስረዳት እችልበታለሁ፤ ይህን ለማለት አላፍርም። ቀወት ውስጥ ባለችው አጥቢያችን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹን የሮቃው ዛፍ ጥላ ስር ሰብስቤ የዕለቱን ንባብ አፍታታላቸዋለሁ። በዚያ ሙቀት ማንም አያንቀላፋብኝም፤ ያንቀላፋችውን አስነስቼ «እስቲ አሁን ምን አልኩ?» እላታለሁ።

አንድ እሑድ ያነበብነው ጌታ በሰንበት እጁ የሰለለችውን ሰው የፈወሰበትን ታሪክ ነበር፤ በሰንበት ቀን በጉ ጉድጓድ ቢገባበት ጎትቶ የማያወጣ ማን አለ ብሎ የጠየቀበትን። እኔም ሴቶቹን ጠየቅኳቸው። ሁሉም «እናወጣለን» አሉ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ቀልደኛ ግን «በጉ የሙስሊም ጎረቤቴ ቢሆንስ?» አለች። ተሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። «በግ በግ ነው፣ ይወጣል!» ብዬ ነገሩን ዘጋሁት።

ጥያቄዋ ግን ከሜዳ የመጣ አልነበረም። እኛ ቆላ የምንኖር ሰዎች ማሳችን ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር ድንበርተኛ ነው፤ ውሃችንም አንድ ነው። ከሮቢ ወንዝ የሚጠለፈው ቦይ ቀን ተቆርጦለት በተራ ይጠጣል፤ ተራውን የሚያስከብሩት «የውሃ አባት» የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው። ለኔ ማሳ የተቆረጠው ቀን እሑድ ነው፤ ከኔ በታች ለሚያርሱት ጎረቤቴ ደግሞ ዓርብ። እኔ በሰንበት ዶማ አልይዝም፤ የሳቸውም ቤት ዓርብ በጁምዓ እንግዳ ይሞላል። ስለዚህ ከአባቶቻችን ጀምሮ እንለዋወጣለን። ዓርብ እኔ አጠጣለሁ፣ እሑድ እሳቸው። ለዚህ የተፈረመ ወረቀት የለንም፤ ተበላሽቶም አያውቅም ነበር። ጎረቤቴ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ማሳውን ብቻቸውን የያዙ፣ በዕድሜም የሚበልጡኝ ሴት ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው።

ታሪኩ የሆነው በኅዳር ነው፤ ማሾ የምንለው ጥራጥሬ ተለቅሞ አውድማ ላይ የሚከመርበት፣ ሽንኩርት ደግሞ ውሃ የሚለምንበት ጊዜ። ዓርብ ከሰዓት ማሳዬን አጠጥቼ ስጨርስ የቦዩን የአፈር ዳር አይጥ በስታው አየሁ። እንዲህ ያለ ቀዳዳ እስከ ታች ተቆፍሮ፣ ድንጋይ ገብቶበት፣ ጭቃው በእግር እየተረገጠ ነው የሚደፈነው። ግማሽ ቀን ይፈጃል። እኔ ግን እሑድ ልቆርብ ስለነበር፣ ቅዳሜም ሰንበት ስለሆነ፣ ነጠላዬንና ቀሚሴን ሳይመሽ አጥቤ ማስጣት ፈለግኩ። የማሽላ አገዳ ቆራርጬ ቀዳዳው ውስጥ ጎሰጎስኩና ላዩን ጭቃ ለጠፍኩበት። ከላይ ሲያዩት ያምራል። እጄን ታጥቤ ሄድኩ።

እሑድ ቆረብኩ። በኛ ዘንድ የቆረበ ሰው ምን እንደሚጠነቀቅ የታወቀ ነው፤ አፉን በነጠላ ይሸፍናል፣ አይተፋም፣ ሥራ አይነካም፣ ውሃ አይሻገርም፣ እሾህ ወግቶት እንዳይደማ መንገዱን እያየ ቀስ ብሎ ቤቱ ይገባል። ከአንዲት እማሆይ ጋር ቀስ እያልን ስንመለስ ግን ውሃ ያለቦታው ሲፏፏ ሰማሁ። ቀና ብዬ አየሁ። ቦዩ ፈርሶ ውሃው በእትዬ ማሳ ቁልቁል ወደ አውድማቸው እየወረደ ነው።

እሳቸው የሉም። በማለዳ ውሃውን ወደ ሽንኩርታቸው ለቀው ሳሉ የቀብር ጥሪ መጥቶባቸው ወደ ሌላ መንደር ሄደዋል። አውድማው ላይ የዓመት ልፋታቸው፣ ማሾው፣ ተከምሮ ተቀምጧል። በዚህ ሙቀት ማሾ ውሃ ከነካው ሳይውል ሳያድር ያጎነቁላል፤ ከዚያ ወዲያ ለዘርም ለገበያም አይሆንም።

ቆምኩ። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሰው ይመጣል ብዬ ግራ ቀኝ አየሁ። ማንም የለም፤ ክርስቲያኑ ሰንበት ላይ ነው፣ ሙስሊሙ ቀብር ላይ። በዚህ መሐል የፈረሰው ቦታ ላይ ውሃው እያወዛወዘ የሚጎትተውን ነገር ለየሁት፤ ያገዳ ጉራጅ ነው። የኔ አገዳ።

ጫማዬን አወለቅሁ።

«ኧረ ልጄ፣ ቆርበሻል እኮ!» አሉ እማሆይ ክንዴን ይዘው። «ውሃ ልትገቢ?»

«ያስተማርኩትን ምን ላድርገው እማሆይ?» አልኳቸውና ገባሁ።

መጀመሪያ ወደ ላይ ወጥቼ የቦዩን አፍ በድንጋይና በሣር ዘጋሁት። ከዚያ ወደ አውድማው ሮጥኩ። አካፋ የለኝ፣ ዶማ የለኝ፣ በእጄ አፈር እየዛቅሁ ውሃውን ወደ ጎን መለስኩት። ክምሩ ከስሩ ርሷል። ነጠላዬን ዘርግቼ ደረቁን ማሾ እየሞላሁ ከፍ ወዳለው መሬት አመላለስኩ። እማሆይ ዳር ቆመው ሲጸልዩ ቆዩና በመጨረሻ «እንግዲህ ይቅር ይበለን!» ብለው እሳቸውም ቀሚሳቸውን ሰብስበው መጡ። እሾህ ተረከዜን ወግቶኝ ደማሁ። ለዚያ ደም ብዙም አልተጨነቅሁም፤ ዛሬም አልጨነቅም። ከክምሩ ከግማሽ በላይ ተረፈ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ቤቴ ድረስ መጡ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው «አላህ የልጆችሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ፤ እኔስ ምን ልክፈልሽ?» እያሉ አለቀሱ። ከዚያ እንባቸውን እየጠረጉ «ግን ያ ቦይ ምን ነክቶት ፈረሰ?» አሉኝ።

«አይጥ ናት፣ እትዬ» አልኩ።

ውሸት አይደለም፤ ቀዳዳውን የበሳችው አይጥ ናት። ለራሴ እንዲህ አልኩትና ራሴም ተቀበለኝ። ወሬው ደግሞ አልዘገየም። ሸዋ ሮቢት ገበያ ስወርድ ሽንኩርት ሻጮቹ «ቆርባ ውሃ የገባችው ይቺ ናት» እያሉ ለሰው ያሳዩኝ ጀመር። ባጃጅ ላይ የማላውቃቸው አንድ የሙስሊም ሽማግሌ መረቁኝ። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። በእትዬ ደጅ ሳልፍ ግን እርምጃዬን እንደማፈጥን ልብ አልኩ፤ ሥራ ስለበዛብኝ ነው አልኩ።

ቅዳሜ ለእሑድ የማስተምረውን ሳዘጋጅ ያው የማቴዎስ ወንጌል ላይ ነበርኩ፤ መባህን ስታቀርብ ወንድምህ የተቀየመብህ ነገር እንዳለ ትዝ ካለህ፣ መባህን እዚያው ትተህ አስቀድመህ ሂድና ታረቅ የሚለው። እንዴት እንደምጀምረው ሁሉ አሰብኩ። ከሴቶቹ መካከል በጋብቻ ተዛምደው የማይነጋገሩ ሁለት ዋርሶች አሉ፤ ፊት ለፊት አስቀምጬ በዚህ ቃል ላስታርቃቸው ነበር። ቃሉን ሦስተኛ ሳነበው ግን ዋርሶቹ ጠፉ፤ የእትዬ ፊት መጣ። እኔ በጉን ጉድጓድ ውስጥ የከተትኩት ሰው ነኝ፤ ስላወጣሁት ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ስመረቅ ከርሜያለሁ። ብቻዬን ሆኜም አፈርኩ።

በማግስቱም ልቆርብ ጾሜ አድሬ ነበር። ጎህ ሲቀድ እማሆይን «ይቅደሙኝ» ብዬ ወደ እትዬ ግቢ ገባሁ። ሰፌድ ይዘው ያጎነቆለውን ማሾ ከደህናው እየለዩ ነበር።

«እትዬ፣ ቦዩን ያስፈረስኩት እኔ ነኝ» አልኩ ቆሜ። «ቀዳዳውን ዓርብ አይቼው ነበር። ቸኩዬ አገዳ ጎሰጎስኩበት።»

እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ። «አውቃለሁ» አሉ።

«ያውቃሉ?»

«ሰኞ ስደፍነው አገዳሽ ከነጭቃው ወጣ። ዓርብ ዓርብ እዚያ ቦይ ላይ ካንቺ በቀር ማን ይሠራል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ምን ልበልሽ? ባበላሸችው እጅ ስቆጣ ያዳነችው ትታየኛለች፤ ለዚያችኛዋ ልመርቅ ስል ይቺ። ወላሂ ግራ ገባኝ።» ሰፌዱን አስቀመጡት። «ብቻ ጠበቅኩሽ። በደጄ ባለፍሽ ቁጥር ዛሬ ትገባለች እላለሁ። አንገትሽን ደፍተሽ ትሮጫለሽ። ከማሾው ይልቅ የቆረቆረኝ እሱ ነው። ነገ የውሃ አባት ዘንድ ሄጄ ዓርቤን ላስመልስ ነበር።»

አባቴና አባታቸው የጀመሩት ነገር በኔ ጊዜ፣ በኔ አገዳ ሊያበቃ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። ሰፌዳቸው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«አሁንስ?» አልኩ።

«አሁንማ መጣሽ» አሉ። «ዓርብ ያንቺው ነው። ተነሽ፣ ቅዳሴሽ አመለጠሽ።»

ተነስቼ ሮጥኩ፤ ስደርስ ግን ወንጌሉ ተነቦ አልፏል። ከወንጌል በኋላ የደረሰ አይቆርብም። ዛፉ ስር ሆኜ በውጭ አስቀደስኩ። ሲወጡ፣ አፋቸውን የሸፈኑት እማሆይ የኔን ያልተሸፈነ አፍ አይተው ደነገጡና በነጠላቸው ውስጥ «ምነው ልጄ፣ ጾመሽ አልነበር? ምን አገኘሽ?» አሉኝ። ሴቶቹም መጥተው ከበቡኝ፤ እንደ ሳምንቱ ሁሉ በአድናቆት ያዩኛል። መጽሐፉን አልከፈትኩም።

«ያቺን ቦይ ያስፈረስኳት እኔ ነኝ» አልኳቸው።