ከአውቶቡሱ በኋላ የሆነው

ብሩክታይት መተከል ውስጥ ካለችው ከወንበራዋ ደብረ ዘይት ተነስታ ለትምህርት አሶሳ ስትገባ የግራ እጇ ጣቶች አይታጠፉም ነበር። የገጀራ ምት ነው። ታጣቂዎች የተሳፈረችበትን አውቶቡስ አስቁመው ሰዉን መጨፍጨፍ ሲጀምሩ፣ ወንድሟ አንለይ ከመቀመጫ ሥር ገፍቶ አስገባትና እላይዋ ላይ ተጋደመ። እሱን ሲመቱት ምቱ በደረቱ አልፎ ጀርባዋ ላይ ይሰማት ነበር። ደሙ አንገቷ ላይ ሞቆ ፈሰሰ፤ ቆይቶ ቀዘቀዘ። ከሥሩ ወጥታ የቀረችው እጇ ብቻ ነበረች፤ እሷኑ አገኟት።

ሁለተኛ ዓመት ላይ የጽሑፍ መምህሯ አቶ ኪዳኔ፣ ተማሪዎቹ ስለ አካባቢያቸው አንድ ጉዳይ ቤተ መጻሕፍት ገብተው አጥንተው እንዲጽፉ አዘዙ። እሷ ቤተ መጻሕፍቱን ሳትረግጥ ስለ አውቶቡሱ ጽፋ ሰጠች። አቶ ኪዳኔ ያየችውን እንደማይጠራጠሩ፣ ግን መልሱን አስቀድማ የያዘችውን ነገር ጥናት ሊሉት እንደማይችሉ ነገሯት። ወረቀቱን ከእጃቸው ነጥቃ ወጣች።

በኋላ ቤተ መጻሕፍት ገብታ ሠራተኛዋ ብዙወርቅ ምን እንደምትፈልግ ስትጠይቃት፣ «ወንድሜን ማን እንደገደለው» አለቻት።

ብዙወርቅ ወንበር ሳበችላት። «እሱን እዚህ አታገኚውም። አነስ አድርጊው። ያን ሰሞን በዚያ መንገድ ዙሪያ ምን ሆነ ብለሽ ጀምሪ።»

ከዚያ «መተከል» ብላ ብቻ ሳይሆን «መሬት»፣ «መፈናቀል» እያለች እንድትፈልግ፣ አንድ ጥሩ ጽሑፍ ስታገኝም መጨረሻው ላይ የተጠቀሱትን ምንጮች ተከትላ ሌላውን እንድታድን አሳየቻት።

ስታድን ሰነበተች። የቆየ ጋዜጣ ስለ አውቶቡሱ ይናገራል። አንድ የመመረቂያ ጥናት ደግሞ በዚያው ሳምንት በቆላ ያለ መንደር ጎጆዎቹ ከነሰዎቻቸው መቃጠላቸውን ጽፏል። ጋዜጣው መንደሩን አያነሳም፤ ጥናቱ አውቶቡሱን አያነሳም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠች። የሚያገናኛቸውን ታውቃለች። አንለይ በተቀበረ ማግስት አጎቷ የሻው የሰፈሩን ወንዶች አስከትሎ ወደ ቆላው ወርዶ ነበር። ሸለቆው ጨሰ። የሴት ጩኸት መጣ፣ ቀጥሎ ተኩስ፣ ከዚያ ምንም። የሻው ቅንድቡ ተለብልቦ ተመለሰ። መጥረቢያውን ሲያጥብ ውኃ ያፈሰሰችለት እሷ ናት። ያን ዕለት ደስ ብሏት ነበር።

ስለ መንደሩ የሚያወራውን ገጽ ልትቀድ ስትል ብዙወርቅ እጇን ያዘች። ብሩክታይት ገፍትራ ከመደርደሪያው ጋር አላተመቻት፤ የሴትዮዋ ከንፈር ተሰነጠቀ። ጥበቃው እየሮጠ መጣ። ብዙወርቅ ግን ምንም እንዳልሆነች ነግራ መለሰችው፤ ደሟን ጠርጋም አጠገቧ ተቀመጠች። ልጅቷ ሁሉንም ነገረቻት።

በማግስቱ አጎቷ ዘንድ ደውላ የቆላውን ነገር ልትጽፍ እንደሆነ ነገረችው። የሻው አልካደም።

«ለማን ብለሽ ነው የምትጽፊው? ወንድምሽን አፈር ያለበስነው እኛ ነን» አላት።

«አውቃለሁ ጋሼ። ሁለቱንም ነው የምጽፈው።»

«እንግዲያው አገርሽን እርሺው። ብትመጪ በገዛ እጄ ነው የምደፋሽ።»

ጻፈችው። ጋዜጣው ያለውን፣ ጥናቱ ያለውንና በዓይኗ ያየችውን ሳታደበላልቅ ለየብቻ አስቀመጠች። አቶ ኪዳኔ አንብበው ሲጨርሱ የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቆላው ሰው ራሱ ምን ይላል?

ከዚያ መንደር ተርፋ አሶሳ ገበያ አጠገብ የምትኖር ሴት እንዳለች በሰው በሰው ሰማችና ሄደች። የማን የወንድም ልጅ እንደሆነች አልደበቀችም። ሴትዮዋ በጥፊ አጮለቻት፤ ደግማ መታቻት፤ ከደጇም በድንጋይ አባረረቻት።

ብሩክታይት ሌላ ቀን ተመልሳ ከደጁ ቆመች። ሴትዮዋ ብዙ ካየቻት በኋላ፣ «አንተ ምን ቀረህ?» አለቻት፤ አማርኛ የአፍ መፍቻዋ አይደለም።

«መስማት» አለች ብሩክታይት።

ሴትዮዋ በርጩማ ገፋችላት። ከዚያም የተቃጠሉባትን ልጆች ስም ከታላቁ ጀምራ ትነግራት ጀመር።