«ቤዝመንቱ ውስጥ ማንም የለም»

ሐሙስ ጠዋት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ቤት ኪችን ውስጥ ቆሜ የአሮጌ ፍሪጅ ፎቶ እያነሳሁ... ወገቤ ላይ የሰካሁት ትንሽ የጋዝ ጠቋሚ ማሽን ጢጥ አለ።

አንዴ ብቻ። ባትሪው ነው ብዬ ዝም አልኩት።

ዩኒቨርሲቲ ከጨረስኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ መብራት የሚበሉ ዕቃዎችን ማየት ነው። ሰው አሮጌውን ትቶ መብራት የሚቆጥብ አዲስ ሲገዛ የመብራት ኩባንያው ከዋጋው የተወሰነውን ይመልስለታል፤ ሪቤት የሚሉት እሱን ነው። ሀበሻ ቤት ሲሆን እኔን ይልኩኛል። «አሜሪካ ውስጥ ነፃ ነገር የለም!» ብሎ በር የሚዘጋብኝ ብዙ ነው። እኔ ግን ዓለምን በፍሪጅ የማድናት የሚመስለኝ ቀን አለ... ሐሙስ እንደዚያ ዓይነት ቀን ነበር። ከምኖርበት ከአሌክሳንድሪያ እስከዚያ ድረስ ብቻዬን እየዘፈንኩ ነው የነዳሁት።

የቤቱ ባለቤት እትዬ ብርነሽ ይባላሉ። ስድሳን ያለፉ፣ ልጆቻቸው አግብተው የወጡላቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። እንደዚያ ነው የነገሩኝ።

«ፍሪጁ ለሪቤቱ ያልፋል» አልኳቸው። መረቁኝ። ምርቃቱ ልቤን ሞቅ አድርጎት መሰለኝ ጨመርኩበት።

«የውሃ ማሞቂያውንም ልይልዎት። የጋዙን በመብራት ለሚቀይር ሪቤቱ ከፍሪጁ ይበልጣል። ታች፣ ቤዝመንት ነው አይደል ያለው?»

ፊታቸው ልውጥ አለ።

«እሱ ይቅር፣ የኔ ልጅ።»

«ሁለት ደቂቃ ነው እኮ፣ እትዬ...»

«ቁልፉ ጠፍቷል። ደግሞስ ፍሪጅ አልኩሽ እንጂ ማሞቂያ ወጣኝ?»

ይህን እያሉ ሄደው የቤዝመንቱን በር በጀርባቸው ተደገፉት። እኔ ደግሞ ችክ ማለት አመሌ ነው። ተከትያቸው ወደ በሩ ጠጋ ስል... ማሽኑ ጮኸ። አሁን አላቆመም።

ጎንበስ ብዬ በበሩ ሥር ወዳለው ክፍተት አስጠጋሁት። ቁጥሩ ሽቅብ ጋለበ። ሥልጠና ላይ ያስተማሩን ትዝ አለኝ፦ ይሄ ሲሆን ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይውጣ፣ ለእሳት አደጋ ይደወል፣ ማንም ወደ ውስጥ አይመለስ።

«እትዬ፣ ጋዝ አለ። አሁኑኑ እንውጣ። ታች ሰው አለ?»

«ኧረ ማንም የለም! የምን ጋዝ? እኔ ምንም አልሸተተኝም!»

«አይሸትም። ዝግ ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ የተኛን ሰው የሚገድለው... እሱ ነው።»

የከሰሉ ነገር ገባቸው። ከበሩ ግን አልተነቃነቁም። ዓይናቸው ደረቴ ላይ የተንጠለጠለው ባጅ ላይ ነው... ያኔ ነገሩ ገባኝ። ባጅ ባንጠለጠለ ሰው ፊት ቤዝመንቴ ውስጥ ሰው አለ አይባልም። የካውንቲው አስተዳደር ሳይፈቅድ አከራይተው ይሆናል። ተከራዩ ወረቀቱ ያላለቀለት ይሆናል።

ባጁን ከአንገቴ አውልቄ ወለሉ ላይ ወረወርኩት።

«እኔ ካውንቲ አይደለሁም። ኢሚግሬሽንም አይደለሁም። የፍሪጅ ልጅ ነኝ! ሰው አለ ወይስ የለም?»

«የለም አልኩሽ እኮ! ስንቴ ልናገር?»

ማሽኑ ይጮሃል። ምን ልበል? የቸገረኝ ጊዜ ከአፌ የወጣው ሥልጠና ላይ የተማርኩት አልነበረም። እናቴ እኛን ስትመረምር የምትለው ነው።

«እንግዲያው ሚካኤልን ይበሉ።»

ዓይናቸውን ከባጁ አንስተው እኔን አዩኝ።

«የለም ካሉ ሚካኤልን ይበሉና ተያይዘን እንውጣ።»

አፋቸውን ከፈቱ። «ሚ...» አሉ። እዚያው ላይ ቀረ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ እጃቸው ወደ ሹራባቸው ኪስ ገባና የጠፋውን ቁልፍ ይዞ ወጣ።

«ሀብታሙ! አንተ ሀብታሙ!»

በሩ ተከፍቷል። መልስ የለም።

«ሌሊት ሠርቶ ቀን ነው የሚተኛው... ልጄን! የሰው ልጅ በእጄ ሊሞት!»

መውረድ አልነበረብኝም። አውቃለሁ። ስልኬን ለእሳቸው ሰጥቼ «911 ይደውሉ፣ ከቤት ይውጡ» አልኩና ትንፋሼን ይዤ ወረድኩ። ፍራሹ ከማሞቂያው ጎን፣ ከመጋረጃ ኋላ ነው። የማሞቂያው የጭስ መውጫ ቱቦ ከቦታው ተነቅሎ ተንጋዷል። ልጁን ወዘወዝኩት። ዓይኑን ገለጠ፤ እኔን ግን አላየኝም።

ከራስጌው ወደ ጓሮ የሚወጣ በር አለ። በርግጄ ከፈትኩት። ብርዱ ገባ። ከነብርድ ልብሱ መጎተት ስጀምር ከኋላዬ ሌላ እጅ ጨርቁን ያዘ... እትዬ ብርነሽ። ይውጡ ያልኳቸው ሴትዮ፣ በባዶ እግራቸው፣ በአንድ እጃቸው ስልኩን ጆሮአቸው ላይ እንደያዙ። ተጋግዘን ሣሩ ላይ አወጣነው።

ሀብታሙ ተገለበጠና አስመለሰው። «ራሴን...» አለ። ሰው ሲያስመልስ አይቼ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እሳት አደጋዎቹ ደረሱ። አንደኛው እቤቱ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚኖር በእንግሊዝኛ ጠየቃቸው። እትዬ ብርነሽ ወደ እኔ ዞሩ። ወለሉ ላይ የወረወርኩትን ባጅ የፈለጉ ይመስል ደረቴን አዩ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሩ።

«ሁለት» አሉ። በአማርኛ። ጣታቸውንም አሳዩት።

ማምሻውን ኮል አደረጉልኝ። ሀብታሙ ተርፏል፤ የሆስፒታሉ ሾርባ አልጣመኝም እያለ ነው አሉኝ። ካውንቲው ይመጣል ብለው ፈርተዋል፤ ግን «ይምጣ! ቀብር ከመቆም ይሻላል» አሉ። ሊዘጉ ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያ... የማሞቂያው ሪቤት፣ አሁንም አለ?» አሉኝ።

አለቃዬ ወደ ታች በመውረዴ ተቆጥቶኛል፤ እውነቱን ነው። እኔም ተምሬያለሁ... ከእንግዲህ ቤት ስገባ መመሪያው ላይ የሌለ አንድ ጥያቄ አስቀድማለሁ፦ «ቤዝመንቱ ውስጥ ሰው የለም? ሚካኤልን ይበሉ!»