ባዶ እጁን ነው ያልኩት ሰው

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ደብረ ታቦር ከሱቄ ደጃፍ ተቀምጬ በርበሬ ስቀነጥስ ስልኬ ጮኸ። የደወለው ከተወለድኩበት መንደር፣ ከጉና ሥር፣ የወንድሜ ልጅ ነበር።

"አክስቴ፣ እትዬ ላቀች አረፉ" አለኝ። "ከመሞታቸው በፊት፣ ሙሾውን አንጓች ታውጣልኝ ብለው ስምዎን ጠርተው ነበር። ቀብሩ ነገ ነው፤ ይድረሱ።"

እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና በርበሬውን ገፋ አደረግሁት። ለእኒህ ሴት ስንት ዓመት ሙሉ ልነግራቸው ስል ሳልነግራቸው የቀረ ነገር ነበረኝ። ለገበያ በወረዱ ቁጥር ድንች በጨርቅ ቋጥረው ያመጡልኛል፤ እኔም ምሳ አበላቸዋለሁ፤ ነገሩ ምላሴ ላይ ይደርስና ይመለሳል። አሁን ልናገረው። አንድያ ልጃቸው ፈንታሁን የሞተው በእኔ ድምፅ ነው።

ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ አልቃሽ ነበረች፤ ለቅሶ ላይ ቆማ ሙሾ የምታወጣ፣ ሕዝቡ የሚቀበላት። እሷ ጉሮሮዋን ስትታመም ቦታውን ለእኔ ተወችልኝ። በአገራችን ለቅሶ የሚለቀሰው ሜዳ ላይ ነው። የሟቹ ጋቢ፣ በትሩ፣ ጠመንጃ ካለውም ጠመንጃው በልጆቹና በዘመዶቹ እጅ ይዞራል፤ የታጠቀ ሰው ይተኩሳል። ጠመንጃ የሌለው በትር ይዞ ይዞራል። ማንም ምንም አይለውም፤ ነገር ግን ሁሉም ያየዋል፣ እሱም መታየቱን ያውቃል።

የእናቴ ወንድም አያ ስመኘው የጠመንጃ ነጋዴ ነበር። ጨዋታ አዋቂ፣ እጁ የማይሰስት፣ ልጅ የሚወደው ሰው። ክፉ ሰው ነበር ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አልነበረም። ገበያ ለገበያ ሲዞር አላየሁትም፤ ለቅሶ ግን አያመልጠውም። አንድ ቀን ከለቅሶ ስንመለስ በቅሎውን እየሳበ እንዲህ አለኝ፦

"አንቺ ልጅ፣ ሰውን ሁሉ ላሳምን ብሎ የሚለፋ ነጋዴ ጉሮሮው ነው የሚደርቀው። ጠመንጃ ያለውን ሰው ተይው፣ አለው። 'ከጠመንጃ በሬዬ ይበልጥብኛል' ብሎ የሚስቀውንም ተይው፣ ዓመት ብትለፈልፊ አይሰማሽም። የሰው ጠመንጃ አየት አድርጎ ቶሎ የሚያቀረቅረውን ፈልጊልኝ። እሱ ግማሹን መንገድ በራሱ መጥቷል። አንቺ አንዲት ስንኝ ጣል ካደረግሽ ሌላውን ራሱ ይጨርሰዋል።"

ፈለግሁለትም። ሳል ብሎ ምልክት ሲሰጠኝ እኔ ስንኙን አወጣለሁ፤ ሰውየው ወር ሳይሞላ አያ ስመኘው ቤት ይመጣል። ሦስት ሰዎችን እንዲህ አደረግን። ከአንበሳሜ ገበያ ጫማ ገዝቶልኛል፤ ግን ለጫማው አልነበረም። አንድ ትልቅ ሰው በእኔ ቃል ፊቱ ሲለዋወጥ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ሲጠሩኝም አንጓች ሳይሆን "አልቃሿ" ይሉኝ ጀምረው ነበር፤ ይህም ደስ ይለኝ ነበር።

በኅዳር፣ ገብሱ ታጭዶ ክምር ላይ ሳለ፣ የፈንታሁን አባት ሞቱ። ፈንታሁን ሃያ አምስት ቢሆነው ነው፤ ዝምተኛ፣ ቀልድ ሲነገር ከሁሉ ኋላ የሚስቅ ሰው። አባቱ እግራቸውን ሲታመሙ በበቅሎ ጭኖ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወስዷቸው፣ ሁለት ሱባዔ አብሯቸው ሰንብቶ እግራቸውን ሲያሽ እንደነበር አገር ያወራው ነበር። የለቅሶው ዕለት የጉና ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ፈንታሁን የአባቱን ጋቢ በትከሻው፣ በትራቸውን በእጁ ይዞ ይዞራል። ከፊቱ አንድ የአጎቱ ልጅ ክላሹን ከፍ አድርጎ ተኮሰ። ፈንታሁን ጠመንጃውን አየት አደረገና አቀረቀረ።

አያ ስመኘው ሳል አለ። እኔም ወደ ሟቹ ዞሬ አወጣሁ፦

"ጋቢህ ይኸውና፣ በትርህ ይኸውና፣
በምን ይሸኝህ ልጅህ፣ እጁ ባዶ ነውና።"

ሴቶቹ ተቀበሉኝ፤ ሜዳው በዋይታ ተሞላ። ፈንታሁን ባለበት ቆመ። አንገቱ ሲቀላ አየሁት። እትዬ ላቀች ግን መጥተው አቀፉኝና "ባሌን አከበርሽልኝ፣ እግዜር ያክብርሽ" አሉኝ። ለራሳቸው ልጅ የተወረወረ መሆኑን አላወቁም።

የአባቱ አርባ እንደወጣ ፈንታሁን ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱን፣ ቦራውን፣ እየነዳ አያ ስመኘው ደጅ መጣ። ማንም አልጠራውም። በሬውን ሰጥቶ ክላሽ ይዞ ሲወጣ በር ላይ ተገናኘን።

"ያልሽው እውነት ነው" አለኝ። "አባቴን ባዶ እጄን ሸኘሁት።"

ያኔ "ሙሾ እኮ ነው፣ በሬህን መልስ" ልለው እችል ነበር። ቦራው ገና በረት አልገባም፤ ደጅ ላይ ቆሞ ሣር ይነጭ ነበር። እኔ ግን "እንኳን ደስ አለህ" አልኩት።

በአንድ በሬ አይታረስም። ክረምቱ ሲቃረብ ፈንታሁን ከጎረቤቱ ከሞላ ጋር ተቀናጀ፤ ሞላም አንድ በሬ ነበረው፤ ሁለቱን በአንድ ቀንበር ጠምደው በተራ ያርሳሉ። በልጅነታቸው አብረው ያደጉ ናቸው። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያቋርጥ ዘነበና ተራው ተዛባ። ሲያባራ ሞላ በሬዎቹን ጠምዶ ሁለተኛ ቀን ሳይመልስ አሳደራቸው። ፈንታሁን የገብስ ዘሩ ሳይዘራ ጊዜው ሊያልፍበት ነው፤ ወደ ማሳው ወረደና ተራዬን ስጠኝ አለው። ተጨቃጨቁ። ከዚያ በፊት ቢሆን ተሰዳድበው ማታውኑ ጠላ ላይ ይታረቁ ነበር። ሞላ ግን በጎረቤቱ ትከሻ ላይ ያለውን ክላሽ አየና፣

"በሬህን የሸጥክ አንተ! በጠመንጃህ እረስበታ!" አለው።

የሞላ ሚስት ምሳ ይዛ እየመጣች ነበር፤ ይህን የሰማችው እሷ ናት። ተኩሱንም የሰማችው እሷ ናት። ሞላ ሲወድቅ ፈንታሁን ሮጦ ወደ ጉና ሸፈተ።

በሞላ ለቅሶ ዕለት ያካፋል። ንፍሮው በየድንኳኑ ይታደላል። ጠርተው ከፊት አቆሙኝ። ዓይኔን ሳነሳ የሞላን ታናሽ ወንድም አየሁት፤ በትር ይዟል፣ አንድ የታጠቀ ዘመድ በፊቱ ሲያልፍ አየት አድርጎ አቀረቀረ። ደንግጬ ወደ አያ ስመኘው ዞርኩ። እሱ ቀድሞኝ አይቶታል። ሳል አለ።

ድምፄ እዚያው ተዘጋ። ኀዘን ነው ብለው ውኃ ሰጥተው አስቀመጡኝ፤ ሌላ ሴት ቀጠለች። በሳምንቱ አያ ስመኘውን ጠየቅሁት፦

"ለዚያ ልጅ ሸጡለት?"

"እሱን ማሳመን ምን ያስፈልጋል?" አለኝ። ሲናገር አላየኝም።

ከመስቀል በኋላ ሽማግሎች ጉና ወጥተው ፈንታሁንን ለመኑት። እሺ አለ። ክላሹን ለእነሱ አስረክቦ፣ እጁን ለመንግሥት ሊሰጥ አብሯቸው ወረደ። የወንዙን መሻገሪያ ሲወጡ የሞላ ወንድም ከቋጥኝ ጀርባ ተኮሰ። ሽማግሎቹ እንደነገሩን ፈንታሁን ሲመታ በእጁ ምንም አልነበረም።

እትዬ ላቀች ለልጃቸው ለቅሶ እኔን አስጠሩኝ። "ለአባቱ እንዳልሽው በይለት" አሉኝ። "ያን ሙሾ ይወደው ነበር፤ ብቻውን ሲሆን ያንጎራጉረዋል።" ምን እንዳወጣሁ ዛሬ ከቶ አላስታውስም። ከዚያ ወዲያ ሙሾ አላወጣሁም፤ ዓመቱ ሳይዞርም ደብረ ታቦር ገባሁ።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከዚያ ሜዳ ፈንታሁንን የመረጥኩት ክፉ ስለነበረ ወይም ጠብ ስለሚወድ አልነበረም። አባቱን ስለሚወድ ቃሉ እንደሚገባው አውቄ ነው። ትዕቢተኛ ወይም ግድ የለሽ ቢሆን ኖሮ አልፌው ሌላ ሰው እፈልግ ነበር፤ እሱም ዛሬ ሽማግሌ ይሆን ነበር።

ረቡዕ በጠዋቱ መኪና ሄድኩ። የእትዬ ላቀችን ነጠላ የሚይዝ ልጅ ስላልነበረ የወንድሜ ልጅ ይዞት ዞረ። ከፊት አቆሙኝ። ሙሾ ላወጣ አልተነሳሁም። እንደ ንስሐ፣ ያለ ዜማ፣ ጮክ ብዬ ተናገርኩ፦ "ፈንታሁንን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በሬውን ያሸጥኩት፣ ጠመንጃውን ያስያዝኩት እኔ ነኝ።"

ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሉኝ። "እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ" እያሉ ቃሌን መላልሰው አለቀሱበት። ሲበተኑ አንዲት ወጣት እጄን ይዛ "እማማ፣ የድሮ ሰው ሙሾ እንዴት ያንሰፈስፋል!" አለችኝ። ከእሷ በቀር ስለዚያ ቃል ያነሳብኝ ሰው የለም።

ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት አንድ ሰው እንዲቆጣኝ ብዬ ነበር። ሊቆጡኝም ሆነ ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት አንዲት ሴት ነበሩ፤ እሳቸውንም ቀብረናቸው ተመለስን።