የአሮጌው ትምህርት ቤት ቀዝቃዛ ጎን

ሦስት ክረምት ሙሉ እናቶችና ሕፃናት በብርዱ በኩል፣ ወንዶች በሙቀቱ በኩል እየተቀመጥን እግዚአብሔርን በአንድ ድምፅ አመሰገንን። ይህ ልክ አልነበረም። ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ ተጽፎ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። ክፉ ሰው አደረገው አልልም። ክፉ ሰው ያላደረገው በደልም ግን በደል ነው።

የምንሰበሰብበት ቤት በስደት በምንኖርበት በዚህ የደቡብ አገር፣ ኦሬንጅ ፋርም ከሚባለው ሰፈር አለፍ ብሎ፣ በበቆሎ ማሳ ዳር ያለ የድሮ ትምህርት ቤት ነው። በእንግሊዟ ንግሥት በቪክቶሪያ ዘመን ለገበሬ ልጆች የተሠራ ነው ይላሉ። ትምህርቱ ከቆመ በኋላ የከብት መኖ ማከማቻ ሆኖ ነበር፤ ዛሬም ዝናብ ሲመጣ ከወለሉ ጣውላ ሥር የገለባ ሽታ ይነሳል። ብዙው የእኛ ሰው በዚያው አካባቢ ስፓዛ በሚሏት ትንሽ ሱቅ ነው የሚነግደው። ልጄም አንዲት አለችው፤ ከእሱና ከሚስቱ ጋር ከሱቋ ጀርባ እኖራለሁ። ቤቱን ለእሁድ የተከራየነው ለሁላችንም ቅርብ ስለሆነ ነው።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ያውም መሬት ላይ ቁጭ ብዬ። ስለዚህ ለልጆች ብሎ ይህን ያህል ጡብ የሚደረድር ሰው መኖሩ ገረመኝ። ስብከት ሲረዝም፣ ይረዝማልም፣ ዓይኔ ግድግዳውን ይዞራል። የኮት መስቀያዎቹ ከወገቤ አያልፉም፤ ለትንንሽ ሰዎች የተሰቀሉ ናቸው። መስኮቶቹ ደግሞ ጫፋቸው እንደ ጦር የሾለ ሆኖ ከራሴ በላይ ይጀምራሉ፤ ተንጠራርቼ ባይ የሚታየኝ ሰማይ ብቻ ነው። ልጆቹ ከብት ሲያልፍ አይተው ልባቸው እንዳይሸፍት ይሆናል ብዬ ገመትኩ። ጣሪያው ከመሾሉ የተነሳ ፍየል እንኳ አይቆምበትም። ከፊት ለፊት የመምህሩ መድረክ አለ፤ እሱም በጡብ የተሠራ ስለሆነ አይነቀነቅም። ከመድረኩ ጀርባ የተደፈነ የእሳት ምድጃ ይታያል። ሰባኪያችን የሚቆመው እዚያ ነው።

በአገራችን ልማድ ወደ መድረኩ ዞረን ስንቀመጥ ወንዶች በቀኝ፣ ሴቶች በግራ ነን። ቤቱን የተረከብነው በታኅሣሥ ነበር፤ ታኅሣሥ እዚህ የሙቀት ወር ነው። በግራ በኩል ሰፋፊ መስኮቶች ተደርድረዋል፣ በቀኝ በኩል ጠባብ ጠባብ ናቸው። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ፣ የመስኮቱ ብርሃን ለእናቶቻችን ደረሰ ብሎ ደስ አለው። እኛም መረቅነው።

ሰኔ ሲገባ ነገሩ ተገለጠ። የዚህ አገር ክረምት ዝናብ የለውም፤ ደረቅ ውርጭ ነው። ሰፋፊዎቹ መስኮቶች ብርሃን ያስገባሉ እንጂ ፀሐይ አያስገቡም፤ ከደቡብ የሚመጣው ነፋስ ግን በየስንጥቁ ይገባል። ወንዶቹ ገና ሁለተኛው መዝሙር ላይ ጃኬታቸውን ያወልቃሉ። እኛ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት እንለብሳለን። ስናመለክት ጋቢ ደርቡ ተባልን። በሁለተኛው ክረምት መጋረጃ ይሰቀልላችኋል ተባልን። መጋረጃው ተሰቀለ፤ ብርዱም ገለጥ አድርጎት ገባ።

በሦስተኛው ክረምት ምራቴ አራስ ልጇን ታቅፋ መጣች። ሕፃኑን ሳል ያዘው። ክሊኒክ ወስደነው ሻል ሲለው እሁድ ደረሰ፤ ከእሁድ በኋላ ሳሉ ተመለሰ። ልጄ፣ ክረምቱ እስኪወጣ እሷ ከነልጁ ቤት ትቅር አለ። ምራቴ ሳምንቱን ሙሉ ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ጀርባ የምትውል ሴት ናት፤ ከወገኖቿ ጋር የምትገናኘው እሁድ ብቻ ነው። መልሱን እኔ ሰጠሁ። አንድ ሰው ቤት ይቅር ከተባለ፣ መጀመሪያ የጸሎቱ ቤት ለምን እንዲህ እንደሚበርድ ይታወቅ አልኩ።

በሚቀጥለው እሁድ ከጸሎት በፊት ቤቱን በውጭ ዞርኩት፤ ግድግዳውንም በመዳፌ ዳሰስኩት። በወንዶቹ በኩል ጡቡ እንደ ላም ጎን ይሞቃል፤ እንሽላሊት ተለጥፎ ይሞቃል። በእኛ በኩል ውርጩ ሣሩ ላይ እንደ ጨው ነጥቷል፤ ሰው ጸሎት ጨርሶ ሲወጣም አልቀለጠም። ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ በሰሜን በኩል ታልፋለች። በእኛ አገር ፀሐይ እንደ ወሩ ወዲህም ወዲያም ታዘነብላለች፤ እዚህ ግን በክረምት ወደ ደቡብ ግድግዳ ዞር ብላ አታይም። ታዲያ ይህን ሁሉ ጡብ በልክ የደረደረ ሰው ትልልቁን መስኮት ፀሐይ ለማትመጣበት ለምን ከፈተ? ይህ ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ አብሮኝ ዋለ።

የቤቱ ባለቤት በዕድሜ እኔን የሚያህሉ ነጭ ገበሬ ናቸው። የጣሪያውን አሸንዳ ሊያዩ በመጡበት ቀን ልጄን አስተርጉምልኝ አልኩት።

አፈረ። "እማዬ፣ ሰውዬው ሥራ ላይ ናቸው" አለኝ።

"እኔም ሥራ ላይ ነኝ" አልኩት።

ሰውዬው ግን ጠያቂ በማግኘታቸው ደስ አላቸው። አያታቸው እዚያ ቤት ተምረዋል። የቤቱ ንድፍ ከእንግሊዝ አገር በመርከብ የመጣ ነው፤ የነደፈው ሰው እዚህ መሬት ረግጦ አያውቅም። በእሱ አገር ፀሐይ የምታልፈው በደቡብ ስለሆነ ትልልቁን መስኮት ወደ ደቡብ ከፈተ። ጣሪያውን ያሾለው በክረምት የሚወርደው በረዶ እንዲንሸራተት ነው። መድረኩን እዚያ ያደረገው ደግሞ ብርሃኑ ከልጆቹ በስተግራ እንዲመጣ፣ የሚጽፉበት ቀኝ እጅ ወረቀቱ ላይ ጥላ እንዳይጥል ነው። ይህን ስሰማ የነደፈውን ሰው አደነቅሁት። ለልጅ እጅ ጥላ የተጨነቀ ሰው ነው። እዚህ የሠሩት ሰዎች ግን የንድፉን ወረቀት እንጂ ሰማዩን አላዩም።

ልጆቹ ታዲያ አይበርዳቸውም ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ልጄ ተረጎመ፤ ሰውዬው ሳቁ።

"አያቴ ጣቶቻቸው ደንዝዘው ብዕር መያዝ ያቅታቸው ነበር። መምህሩ ግን እሳቱ ከጀርባቸው ነበር" አሉ።

መልሱ አልበቃኝም ማለት አልችልም፤ በቃኝ።

በሳምንቱ ከቡራኬ በኋላ ተነሳሁና የፀሐይዋን ነገር ልናገር አልኩ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ የእኛ መንደር ልጅ ነው፤ ጡት ሲጠባ አውቀዋለሁ። አሁን ሸብቷል፣ ሱፍ ለብሷል።

"እናታችን፣ ዘንድሮ ደግሞ ፀሐይን ሊከሱ ነው?" አለ።

ሰው ሳቀ፤ እኔም ትንሽ ሳቅሁ። ከዚያ ከባለቤቱ የሰማሁትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

"እነሱ የአገራቸውን ንድፍ ይዘው መጥተው ልጆቻቸውን አበረዱ። እኛም የአገራችንን ቀኝና ግራ ይዘን መጥተን የራሳችንን እያበረድን ነው" አልኩ።

ሳቁ ቆመ። ሰብሳቢው ሞኝ አይደለም፤ ጥሩ መልስ ነበረው። በታኅሣሥ ወንዶቹ በፀሐዩ በኩል ሲቀቀሉ እኛ በጥላው በኩል ተመችቶን እንደነበር፣ ያኔ እንለዋወጥ ያለች ሴት እንደሌለች ተናገረ። ልክ ነው፤ አላልንም። ፍርድ የሚጠይቅ ሰው ለራሱ የተመቸውንም መቁጠር አለበት። እንግዲያስ ሙቀቱንም ብርዱንም በተራ እንካፈል፣ የሕፃን ሳንባ ግን ተራ አይጠብቅም አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ድሮ የልጆቹ መጻፊያ ሰሌዳ ይቀመጥባት በነበረችው ጓዳ ገብተው ተማከሩ። ምራቴ ያን ቀን ቤት አልቀረችም ነበር፤ ልጇን በብርድ ልብስ ጠቅልላ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ከሽማግሌዎቹ ይልቅ የምታየው እኔን ነበር።

ሲወጡ ሰብሳቢው ውሳኔውን ተናገረ። ቀኝና ግራው በየሁለት እሁዱ ይለዋወጣል፤ ልጅ የታቀፈ ሰው ግን ተራ ሳይጠብቅ ሁልጊዜ በሚሻለው በኩል ይቀመጣል።

ወደ ምራቴ ዞርኩ። ቤት ትቅር ያላት ልጄ ከሞቀው አግዳሚ ተነስቶ፣ ልጁን እንድትሰጠው ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ሌሎች አባቶችም ልጆቻቸውን ሊቀበሉ ሚስቶቻቸውን በዓይን መፈለግ ጀምረው ነበር።

"ልጁን የታቀፈው ወንድ ቢሆንስ?" ብዬ ጠየቅሁ።

ሰብሳቢው ልጄን አየ፣ እኔን አየ።

"ይቀመጥ፣ እናታችን። ሕፃኑ ሲያለቅስ ይዞት የሚወጣው ግን እሱ ነው።"