መዶሻው በከረባት ሲያልፍ

ከየካ አባዶ ወደ መሀል ከተማ የሚወርድ ሰው ጠዋት ጠዋት ሁለት ነገር መቻል አለበት፤ ሰልፍና ፍተሻ። ሰልፉ የሁላችንም ነው፤ ፍተሻው ግን ሰው ይመርጣል። ታክሲያችን ኬላው ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ወንዶች እንወርዳለን፣ እጃችንን እናነሳለን። በአጠገባችን የቤት መኪኖች መስኮታቸውን እንኳ ሳይከፍቱ ያልፋሉ። እንጦጦ ወጥተው ሥጋ የሚጠብሱት ባለመኪኖች ስንት ዓይነት ቢላ እንደጫኑ ማን ጠይቋቸው። መኪና ያለው ሰው አያጠፋም ማለት ነው እንግዲህ፤ እኔ ግን የማውቃቸው ትልልቅ ሌቦች ሁሉ ባለመኪና ናቸው።

ከምንወርደው መሀልም ደረጃ አለ። እኔ ከረባት አስራለሁ፣ የላፕቶፕ ቦርሳ እይዛለሁ። ላፕቶፕ ገብቶበት አያውቅም፤ ምሳ ዕቃዬ ነው ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሽሮ። ፈታሹ ከውጭ ዳበስ ያደርግና "ይለፉ ጋሼ" ይለኛል። ሽሮዬ ተከብሮ ያልፋል።

ጎረቤቴ ግን አናጢ ነው። ከደቡብ መጥቶ ከእኛ ብሎክ ግራውንድ ላይ ከሚስቱና ከጨቅላ ልጁ ጋር ተከራይቶ ይኖራል። አማርኛው የአገሩን ቅላጼ አልለቀቀም፣ ጫማው ሲሚንቶ ጠግቧል፣ ከረጢቱ ውስጥ መዶሻ፣ መጋዝና መሮ አለ። ፖሊሶቹ ሁልጊዜ ወደ ጎን ያወጡታል። ስለትና ብረት ይዞ መንቀሳቀስ በመመሪያ ተከልክሏል። መመሪያው ለሁሉም እኩል ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ መጋዝ ተሸክሞ በታክሲ ቢሮ የሚገባ ሚኒስትር ቢገኝ እሱም ይያዝ ነበር። ጎረቤቴ እስኪጣራ ሰዓቱ ይሄዳል። የሚሠራበት ግንባታ ፎርማን ደግሞ "አንድ ቀን ደግመህ ብታረፍድ እንዳትመጣ" ብሎታል፤ ሳይቱ በር ላይ ሥራ ፈላጊው ተኮልኩሏል።

መፍትሔው የመጣው ከኋላ ወንበር ነው። ላምበረት ሱቅ ያላቸው አንዲት እናት "ታዲያ ምን ችግር አለው፣ እንካፈለዋ" አሉ። ሴቶች አይወርዱም፤ ስለዚህ መሮውን እሳቸው ዘምቢላቸው ውስጥ ከተቱት፣ መጋዙን አንዲት የባንክ ሠራተኛ ከጃንጥላዋ ጋር ጠቀለለችው። መዶሻው ለእኔ ደረሰ፤ ከሽሮው ጎን ተኛ። "ይለፉ ጋሼ።" አለፍን። ከዚያ ወዲያ የዘወትር ሥራችን ሆነ። እንዲያውም እውነቱን ለመናገር፣ መዶሻ ማሳለፍ እየጣመኝ መጣ።

አንድ ጠዋት አዲስ ፖሊስ ገጠመን። ጎረቤቴን ከእግር እስከ ራሱ አየውና ሥራውን ጠየቀው።

"አናጢ ነኝ።"

"መሣሪያህስ?"

ጎረቤቴ ምን ይበል? ይዞ ሲገኝ ስለት ይዟል፤ ባዶ እጁን ሲገኝ ዋሽቷል። ከድጡ ወደ ማጡ መሆኑ ነው።

"ያለ መዶሻ አናጢ የት አለ? እዚህ ጋ ቁም።"

ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። ቦርሳዬን ከፍቼ መዶሻውን አወጣሁና "ይኸው፣ የሱ ነው፤ እኔ ነኝ የያዝኩለት" አልኩ። ፖሊሱ መዶሻውን አየ፣ ከረባቴን አየ።

"ጋሼ፣ ሥራ እንዳይረፍድብዎ። መዶሻዎን ይዘው ይሂዱ" አለኝ በትሕትና።

"የሱ ነው እያልኩህ እኮ ነው።"

"እሱ ይጣራል፣ ጋሼ።"

ብረት የያዝኩት እኔ ተለቀቅኩ፤ ባዶ እጁን የቆመው ቀረ። ጎረቤቴ ከቆመበት ሆኖ "ጋሼ፣ ዕቃዬን ሳይት ድረስ ይውሰዱልኝ። ፎርማኑ ካየው መምጣቴን ያምናል፣ ቦታዬን ይይዝልኛል" አለኝ። ባዶ ከረጢቱንም አቀበለኝ። ታክሲው ውስጥ ካሉት ሴቶች መሮውንም መጋዙንም ተቀብዬ ከመዶሻው ጋር ከረጢቱ ውስጥ ከተትኩና ከላምበረት መናኸሪያ ጀርባ ወዳለው ሳይት ገሰገስኩ።

ፎርማኑ ሌላ ሰው አስገብቷል። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ፣ ክፉ ሰው አይመስልም።

"ምን ላድርግ ጋሼ፣ ቦታው ተይዟል" አለ። ከዚያ ከረጢቱን አይቶ እጁን ዘረጋ። "እሱን ግን ይተዉልን፤ አዲሱ ሰውዬ መዶሻ የለውም።"