የልብስ ሰፊው የታሂር ልጅ ለፈተና እንዴት እንደተዘጋጀች

ቆቦ ገበያ ዳር፣ ከአንድ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ታሂር የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። በደርግ ጊዜ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አንድ ልጁን ዘኪያን እዚያው ስፌት መኪናው አጠገብ አሳደጋት።

ዘኪያን ትምህርት አይከብዳትም፤ ሰው ፊት ግን አፏ ይያዛል። ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ አስተማሪዋ አቶ ታደሰ መጡና፣ «ደሴ ፈትኖ የሚቀበል አዳሪ ትምህርት ቤት አለ። የጽሑፉን ታልፋለች፤ የምፈራላት የቃሉን ነው» አሉት።

ታሂር ሲያስብ ሰነበተና መላ አገኘ። ልብስ ሊለካ የመጣ ሁሉ ለዘኪያ አንድ ጥያቄ እንዲያቀርብላት አዘዘ። «ያልጠየቀ ሰው ሱሪ አይሰፋለትም!»

በመጀመሪያው ሰሞን ልጅቷ ጨርቅ ውስጥ ትደበቅ ነበር። አንድ ቀን ከሮቢት መንደር የመጣ አያሌው የሚባል ገበሬ እጁን ዘርግቶ እየተለካ፣ «ማሳዬ የተራራውን ጎርፍ በጠጣ ዓመት ማሽላው ለምን ያምራል?» አላት። አንሾካሾከች።

«ጮክ በይ እንጂ! ጆሮዬን እርሻ ላይ ትቼው መጥቻለሁ።»

ሳቀችና፣ «ጎርፉ ለም አፈር ይዞ ስለሚወርድ ነው!» አለች። በረንዳው ሁሉ ሰማ።

ከዚያ ጎረቤታቸው እትዬ ጌጤ መጡ። ልጃቸው ለጦር ሜዳ ተወስዶ ወሬው ጠፍቷል። የሚሰፋ ነገር አልያዙም። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ልጄ መቼ ይመጣል?» አሏት። የታሂር እግር ፔዳሉ ላይ ቆመ። ዘኪያ ተነስታ እጃቸውን ያዘች።

«አላውቅም፣ እትዬ። የመጣ ቀን ግን እኔ ነኝ ሮጬ የምነግርዎት።»

ግንባሯን ሳሟት። ከዚያን ቀን ወዲህ ዘኪያ ሰው አልፈራችም።

ለፈተናው አባትና ልጅ ደሴ የሄዱት ማሽላ በጫነ መኪና ላይ ሆነው ነው። ፈታኞቹ ሲያስገቧት ታሂር መስኮቱ ስር ቆሞ፣ «ያ አላህ፣ አንተ እርዳት» እያለ ጠበቀ። ድምጿ መጣ። መጣና አልቆም አለ፤ በመጨረሻ አንደኛው ፈታኝ፣ «በቃ ልጄ፣ ገብቶናል» ሲል ተሰማ። ታሂር ብቻውን ሲስቅ ዘበኛው አፈጠጠበት።

ማለፏ ሲነገር፣ «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ያንኑ ዕለት ቀሚስ ቆረጠላት።

«አባ፣ ይሄ እኮ ለሁለት ሰው ይበቃል!»

«ታድጊበታለሽ።»

በመስከረም አውቶቡስ ላይ አሳፈራት። አቧራው እስኪጠፋ አይቶ ወደ በረንዳው ሲመለስ እትዬ ጌጤን በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው።

«ምን ልስፋልዎ፣ እትዬ?»

«ምንም። ዛሬ ብቻህን እንዳትውል ብዬ ነው» አሉት።